ሳይንቀሳቀስ የሚያዳላ መስመር፦ የሜክሲኮ የምርጫ ክልሎች ወሰንና የኪንታና ሮ ምሳሌ

በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ



በኦክቶበር 8 ቀን 1974 በሜክሲኮ ሁለት ግዛቶች በአንድ ቀን ተወለዱ። (በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አንደኛው በሰሜን ምዕራብ፣ በፓስፊክ ውቅያኖስ ዳር የተዘረጋው ባሃ ካሊፎርኒያ ሱር ነው። ሁለተኛው በደቡብ ምሥራቅ ጫፍ የካሪቢያን ባሕር የሚያዋስነው ኪንታና ሮ ነው። ሁለቱም እስከዚያች ቀን ድረስ በማእከላዊው መንግሥት ሥር የሚተዳደሩ፣ ሰው የሳሳባቸው ዳር አገሮች ነበሩ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1979 ምርጫ፣ ለፌዴራሉ የተወካዮች ምክር ቤት እንደ መንታ ልጆች እኩል ደረሳቸው፦ ለእያንዳንዳቸው ሁለት የምርጫ ክልል። ዛሬ ባሃ ካሊፎርኒያ ሱር ያው ሁለት አለው፤ ኪንታና ሮ ግን አራት።

የዛሬው ንግግሬ ይህ ልዩነት እንዴት እንደ መጣ ለማስረዳት የሚሞክር ነው። የምርጫ ክልል ወሰን ሲነሣ ብዙዎቻችን የምንፈራው መስመሩን የሚያንቀሳቅሰውን እጅ ነው። ፍርሃቱ ተገቢ ነው። እኔ ግን ዛሬ ማሳየት የምፈልገው ሌላውን አደጋ ነው፦ ማንም ሳይነካው ባለበት የቆየ መስመርም ያዳላል፤ የሚያዳላውም ድምፅ ሳያሰማ ነው።

አስቀድሜ ስለ ቃላት አንድ ማሳሰቢያ ልስጥ። «ክልል» የሚለው ቃል በእኛ ዘንድ የፌዴሬሽኑን አባላትም የምርጫ ክልልንም ስለሚያመለክት፣ ለሜክሲኮ ፌዴሬሽን 32 አባላት «ግዛት» የሚለውን ቃል እጠቀማለሁ። ዋና ከተማዋ ሜክሲኮ ሲቲም ከነዚሁ ትቆጠራለች። «ክልል» ስል ሁልጊዜ አንድ እንደራሴ የሚመረጥበትን የምርጫ ክልል ማለቴ ነው። በግዛቶች ውስጥ የሚገኘውን የአካባቢ አስተዳደር ደግሞ ሜክሲኮዎች እንደሚሉት «ሙኒሲፒዮ» እለዋለሁ።

ሦስት መቶ የሚለው ቁጥር

የ1917ቱ የሜክሲኮ ሕገ መንግሥት ለእያንዳንዱ 60,000 ነዋሪ አንድ እንደራሴ ይመድብ ነበር። ሕዝቡ ሲበዛ ምክር ቤቱም ይሰፋል ማለት ነው። ምክር ቤቱ ያለ ልክ እንዳይሰፋ የነዋሪው መለኪያ በየጊዜው በማሻሻያ ከፍ ይደረግ ነበር፤ በ1928 ወደ 100,000 ደረሰ፤ በ1972 ደግሞ 250,000 ሆነ። ያ ሥርዓት ይብዛም ይነስ የዋህ ነበር፤ አንዱ ግዛት ቢያድግ ከሌላው የሚወሰድበት ነገር አልነበረም።

የ1977ቱ የፖለቲካ ማሻሻያ ይህን ገለበጠው። በአብላጫ ድምፅ የሚመረጡት እንደራሴዎች ቁጥር 300 ላይ ተቆረጠ። በዚያ ላይ 100 የተመጣጣኝ ውክልና መቀመጫዎች ተጨመሩ፤ እነዚህም በ1986 ወደ 200 አድገው የምክር ቤቱ ጠቅላላ ቁጥር ዛሬ ያለበት 500 ሆነ። ከዚያ ወዲህ ገበታው አንድ ነው። አንዱ ግዛት መቀመጫ የሚያገኘው ሌላው ሲያጣ ብቻ ነው።

ሥሌቱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 53 ላይ ተቀምጧል። የአገሪቱ ሕዝብ ለ300 ይካፈላል፤ የሚገኘው አማካይ ቁናው ነው። እያንዳንዱ ግዛት በመጨረሻው አጠቃላይ የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ስንት ቁና እንደሚሞላ ይሰላል። የሚሰፈረው መራጩ ብቻ ሳይሆን ሕፃኑም ሽማግሌውም ጭምር ነው፤ አንቀጹ የሚናገረው ስለ ነዋሪ ነውና። ሙሉው ቁጥር ከተሰጠ በኋላ የቀሩት መቀመጫዎች ትልቅ ቀሪ ላላቸው ግዛቶች በቅደም ተከተል ይታደላሉ። አንድ የማይታለፍ ወለል አለ፦ የትኛውም ግዛት ከሁለት እንደራሴ በታች አይኖረውም።

በዚህ መሠረት የተሠሩት ካርታዎች አምስት ናቸው። የመጀመሪያው ከ1979 እስከ 1994 ስድስት ምርጫዎችን አስተናገደ። ሁለተኛው በ1996 ተሠርቶ ከ1997 እስከ 2003 አገለገለ። ሦስተኛው በ2005 ጸድቆ ከ2006 እስከ 2015፣ አራተኛው በ2017 ጸድቆ በ2018ና በ2021 ሠራ። አምስተኛው በዲሴምበር 2022 ጸድቆ በ2024 ምርጫ ሥራ ላይ ዋለ።

ኪንታና ሮ በቁና ስትሰፈር

ኪንታና ሮ ወሰንዋ ሲጻፍና ሲሰረዝ የኖረች አገር ናት። ፖርፊሪዮ ዲያስ በ1902 ከዩካታን ቆርሰው ለብቻዋ እንድትተዳደር አደረጉ። በ1931 ፈርሳ ለዩካታንና ለካምፔቼ ተከፋፈለች። በ1935 በላሳሮ ካርዴናስ ዘመን እንደገና ተቋቋመች። በ1970 ቆጠራ የነበራት ሕዝብ 88,150 ብቻ ነበር። በዚያው ዘመን የፌዴራሉ መንግሥት በሰሜን ጠረፏ፣ ጥቂት ሰዎች ብቻ በሚኖሩበት አሸዋማ ዳርቻ፣ ለውጭ አገር ጎብኚዎች አዲስ ከተማ መገንባት ጀመረ፤ ይህች ከተማ ካንኩን ናት። ሆቴሎቹን ለመገንባት፣ ከዚያም በሆቴሎቹ ለመሥራት ከዩካታን፣ ከታባስኮ፣ ከቺያፓስና ከሌሎችም ግዛቶች ሰው ጎረፈ።

የግዛቲቱን ሕዝብ በየዘመኑ ቁና ብንሰፍረው ይህን እናገኛለን፦

በ1970 ቆጠራ፦ ሕዝቧ 88,150፤ አማካዩ 160,751፤ ድርሻዋ 0.55።
በ1990 ቆጠራ፦ ሕዝቧ 493,277፤ አማካዩ 270,832፤ ድርሻዋ 1.82።
በ2000 ቆጠራ፦ ሕዝቧ 874,963፤ አማካዩ 324,945፤ ድርሻዋ 2.69።
በ2010 ቆጠራ፦ ሕዝቧ 1,325,578፤ አማካዩ 374,455፤ ድርሻዋ 3.54።
በ2020 ቆጠራ፦ ሕዝቧ 1,857,985፤ አማካዩ 420,047፤ ድርሻዋ 4.42።

የተሰጧት መቀመጫዎች ደግሞ በቅደም ተከተል 2፣ 2፣ 3፣ 4 እና 4 ናቸው። በመጀመሪያው ካርታ ሁለት ያገኘችው በቁጥሯ ሳይሆን በወለሉ ነው፤ ከቁናዋ ግማሹን በጥቂት ብቻ አልፋ ሞልታ ሳለ ሁለት እንደራሴ ነበራት። በሁለተኛው ካርታ ሁለቱን በቁጥሯ አገኘቻቸው። ከዚያ በኋላ በሁለት ካርታዎች አንድ አንድ ጨመረች። በመጨረሻው ካርታ ግን በአሥር ዓመት ውስጥ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው ጨምራ እንኳ አምስተኛውን አላገኘችም፤ የተረፋት 0.42 ነበርና አልበቃትም።

አሁን ወደ ግዛቲቱ ውስጥ እንግባ፤ የወሰን ነገር ሥጋና ደም የሚለብሰው እዚያ ነው። በ1990 ቆጠራ ካንኩን ያለችበት የቤኒቶ ሁዋሬስ ሙኒሲፒዮ 176,765፣ ርእሰ ከተማዋ ቼቱማል ያለችበት የኦቶን ፔ ብላንኮ ሙኒሲፒዮ ደግሞ 172,563 ነዋሪ ነበራቸው። ሰሜንና ደቡብ ሚዛን ላይ ተቀምጠው የቆሙ ይመስሉ ነበር። በ2000 ቆጠራ ደቡቡ ከ200,000 በጥቂት ሲያልፍ ቤኒቶ ሁዋሬስ 419,815 ደረሰ፤ የግዛቲቱ እኩሌታ ለመሆን ጥቂት ቀረው። ግዛቲቱ ግን እስከ 2003 ድረስ የምትመርጠው በ1990 ቆጠራ በተሠሩት ሁለት ክልሎች ነበር።

በ2005ቱ ካርታ ሦስተኛው ክልል መቀመጫውን ካንኩን አድርጎ ተወለደ። የመጀመሪያው ክልል መቀመጫ ፕላያ ዴል ካርመን፣ የሁለተኛው ቼቱማል ሆነ። ይሁን እንጂ ችግር ነበር። የግዛቲቱ ሕዝብ ለሦስት ሲካፈል አማካዩ 291,654 ይሆናል። የተፈቀደው ልዩነት ከአማካዩ 15 በመቶ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ስለሆነ፣ አንድ ክልል ሊይዝ የሚችለው ቢበዛ 335,000 ያህል ነው። ቤኒቶ ሁዋሬስ ግን 419,815 ሰው አለው። ስለዚህ በዚህ ገደብ ውስጥ ለመቆየት ቢያንስ 84,000 ያህል ነዋሪ ከሙኒሲፒዮው ተቆርጦ ከጎረቤቶቹ ጋር እንዲመርጥ ግድ ይሆናል። በአንድ ከንቲባ የሚተዳደሩ፣ በአንድ አውቶቡስ ሥራ የሚሄዱ ሰዎች በሁለት እንደራሴ ይከፈላሉ ማለት ነው።

በ2010 ቆጠራ ግን ቁጥሩ ራሱ መፍትሔ ይዞ መጣ። ግዛቲቱ አራት መቀመጫ ሲደርሳት አማካዩ 331,394 ሆነ። የቤኒቶ ሁዋሬስ ሕዝብ 661,176 ነበር፤ ለሁለት ቢካፈል 330,588። በ2017ቱ ካርታ አራተኛው ክልል ሲፈጠር ሦስተኛውም አራተኛውም መቀመጫቸውን ካንኩን አደረጉ። «ሦስተኛ ክልል» የሚለው ስም ሳይለወጥ ስሙ የሚሸፍነው ምድር ጠበበ። በ2009 በሦስተኛው ክልል የመረጠ አንድ የካንኩን ነዋሪ ቤቱን ሳይለቅ በ2018 ራሱን በአራተኛው ክልል ሊያገኝ ይችል ነበር። ሰውዬው አልተንቀሳቀሰም፤ መስመሩ ግን በላዩ አለፈ።

ባለበት የቆመ መስመር የሚያስከፍለው

ይህ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል የሚል ተማሪ ባጋጠመኝ ቁጥር ሁለት ሥሌቶችን ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ።

የመጀመሪያው የዋና ከተማዋ ነው። በመጀመሪያው ካርታ ያን ጊዜ የፌዴራል ዲስትሪክት ትባል የነበረችው ሜክሲኮ ሲቲ 40 ክልል፣ በሦስት አቅጣጫ የሚከባት የሜክሲኮ ግዛት ደግሞ 34 ነበሯቸው። ከተማዋ ግን ከዚያ ወዲያ ሰውን ወደ ዳር እያፈሰሰች ሄደች፤ የቤት ኪራይ የከበደው ሁሉ የአስተዳደር ወሰኑን ተሻግሮ ሰፈረ። በ1990 ቆጠራ የከተማዋ ሕዝብ 8,235,744፣ የጎረቤቷ 9,815,795 ሆነ። በአማካይ አንድ የከተማዋ ክልል 205,894 ሰው ሲይዝ፣ ከመስመሩ ማዶ ያለው 288,700 ይይዝ ነበር። በ1991ና በ1994 ምርጫዎች ወሰኑን ተሻግሮ የሰፈረ ድኻ ድምፁ እዚያው ከቀረው ጎረቤቱ ድምፅ ሁለት ሰባተኛ ያህል ቀለለ። ይህን ያደረገበት አንድም ተንኮለኛ አልነበረም፤ መስመሩ ከ1979 ጀምሮ ባለበት ስለቆየ ብቻ ነው። ኋላ በየካርታው የከተማዋ ድርሻ ወደ 30፣ ወደ 27፣ ወደ 24፣ በመጨረሻም ወደ 22 ወረደ። የጎረቤቷ ወደ 36፣ 40ና 41 ወጥቶ አሁን 40 ላይ ነው።

ሁለተኛው ሥሌት የመንታዎቹ ነው። በ2003 ምርጫ ኪንታና ሮም ባሃ ካሊፎርኒያ ሱርም ገና ሁለት ሁለት ክልል ነበራቸው። በ2000 ቆጠራ የአንድ የኪንታና ሮ ክልል አማካይ ሕዝብ 437,481 ሲሆን፣ የመንታዋ ክልል 212,020 ነበር። የአንዲት የካንኩን ሆቴል ሠራተኛ ድምፅ በባሕር ማዶ ያለች የሙያ እኅቷ ድምፅ ግማሽ እንኳ አይመዝንም ነበር።

ይህ ጉድለት ሁልጊዜ የሚያርፈው በተመሳሳይ ሰዎች ላይ መሆኑን ልብ በሉ። የሚያድጉት ቦታዎች ስደተኛ ሠራተኛ የሚጎርፍባቸው ናቸው፦ የከተማ ዳርቻ፣ የሆቴል ከተማ፣ የሰሜኑ የፋብሪካ ቀበቶ። ያረጀ ካርታ የሚቀጣው ለእንጀራው የተንቀሳቀሰውን፣ የሚሸልመው ባለበት የቀረውን ነው። በ2022ቱ ካርታ ኑዌቮ ሌዮን ከ12 ወደ 14፣ ባሃ ካሊፎርኒያ ከ8 ወደ 9፣ ኬሬታሮ ከ5 ወደ 6 ሲያድጉ ቬራክሩስ፣ ጌሬሮና ሚቾአካን አንድ አንድ ያጡትም ለዚሁ ነው።

መስመሩን የሚያሰምረው ማን ነው?

የሚንቀሳቀስ መስመር የሚታመነው የሚያንቀሳቅሰው ደንብ አስቀድሞ የታወቀ ሲሆን ነው። ሜክሲኮ ለረዥም ጊዜ በአንድ ፓርቲ የበላይነት የኖረች አገር ስለሆነች ይህን ጥያቄ በዋዛ አላየችውም። በ1990 የተቋቋመው የፌዴራል የምርጫ ተቋም በ1996 ከመንግሥት ነጻ ሆነ፤ በ2014 ደግሞ ብሔራዊ የምርጫ ተቋም ተብሎ የግዛቶቹን ምክር ቤቶች የምርጫ ክልሎችም የመወሰን ሥልጣን ተሰጠው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ትንሹ ጡብ «ሴክሲዮን» የሚባለው የምርጫ ቀጣና ሲሆን፣ አሁን ባለው ሕግ ከ100 እስከ 3,000 መራጮች ይይዛል። ክልል የሚገነባው ቀጣናዎችን፣ ሲቻልም ሙሉ ሙኒሲፒዮዎችን በመገጣጠም ነው። መገጣጠሚያዎቹ መንገዶች ብዙ በመሆናቸው ሥራው ለኮምፒዩተር ይሰጣል። ከ2005ቱ ካርታ ጀምሮ በሥራ ላይ ከዋሉት ስልቶች አንዱ ስሙን ከብረት ሥራ የተዋሰ ነው። ብረት ሠሪ ያጋለውን ብረት በዝግታ ሲያቀዘቅዘው ውስጡ ቦታ ቦታውን እንደሚይዝ ሁሉ፣ ኮምፒዩተሩም መጀመሪያ ቀጣናዎችን በነጻነት ከክልል ክልል ያዘዋውራል፤ ኋላ ግን ካርታውን የሚያሻሽል ለውጥ ብቻ እየተቀበለ ይረጋል። «ማሻሻል» ማለት ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ በቀመር ይጻፋል፦ የሕዝብ እኩልነት፣ የቅርጽ መሰብሰብ፣ የሙኒሲፒዮዎች አለመቆራረጥ፣ በመንገድ የሚፈጀው ጊዜ። ሰዎች ከዚህ ወይም ከዚያ ፓርቲ መምረጣቸው በቀመሩ ውስጥ የለም።

ቀጥሎ ፓርቲዎች ካርታውን አይተው የራሳቸውን አማራጭ ያቀርባሉ። አማራጩ የሚመዘነው በዚያው ቀመር ነው፤ ከኮምፒዩተሩ የተሻለ ውጤት ካመጣ ተቀባይነት ሊያገኝ ይችላል። ፓርቲ ለራሱ ጥቅም እንደሚያስብ የታወቀ ነው፤ ደንቡ ያንን አይከለክልም፤ ጥቅሙን ግን ለሁሉም በሚታይ ሚዛን ላይ እንዲያስቀምጥ ያስገድደዋል።

ቀመር ብቻ ግን አይበቃም። በ2001 በሕገ መንግሥቱ ላይ የተደረገው የነባር ሕዝቦች ማሻሻያ፣ ክልሎች ሲወሰኑ እነዚህ ሕዝቦች የሰፈሩበት አካባቢ በተቻለ መጠን ግምት ውስጥ እንዲገባ አዘዘ። በዚህ መሠረት 40 በመቶና ከዚያ በላይ ነባር ሕዝብ ያለባቸው ሙኒሲፒዮዎች ሳይበታተኑ እንዲሰበሰቡ ተደርጎ፣ በ2005ቱ ካርታ 28 እንዲህ ያሉ ክልሎች ተለዩ። በኋለኞቹ ሁለት ካርታዎች የነባር ሕዝቦች ማኅበረሰቦችን ማማከርም የሂደቱ አካል ሆነ። ኮምፒዩተር ማኅበረሰብ የሚባለውን አያውቅም፤ የሰው ልጅ ካልነገረው በቀር ለሁለት ይሰነጥቀዋል።

የሚጠፋውም ነገር አለ

የመስመር መንቀሳቀስን ደግፌ ስናገር ዋጋውን መሸሸግ አይገባኝም። ክልል ሰዎች አንድን እንደራሴ አብረው የሚጠይቁበት ማኅበር ነው። በየአሥር ዓመቱ የሚፈርስ ማኅበር ትዝታ አይኖረውም። «ይህን ቃል ገብተህልን ነበር» ብሎ የሚጠይቅ መራጭ ራሱን በሌላ እንደራሴ ደጃፍ ያገኛል።

በሜክሲኮ ይህ ጉዳይ ለብዙ ዘመን ጎልቶ አልታየም፤ በ1933 በተደረገው ማሻሻያ እንደራሴዎች በተከታታይ እንዳይመረጡ ተከልክለው ነበርና። ተመልሶ ለማይመጣ እንደራሴ የክልሉ መስመር የት ያርፋል የሚለው ብዙ አያስጨንቀውም። የ2014ቱ ማሻሻያ ተከታታይ ምርጫን ሲፈቅድ፣ በ2021 ለመጀመሪያ ጊዜ እንደራሴዎች ወንበራቸውን ለማስጠበቅ ወደ መራጮቻቸው ተመለሱ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2024፣ ካርታው ተለወጠ። በ2025 ደግሞ ክልከላው ከ2030 ጀምሮ እንዲመለስ ሕገ መንግሥቱ ዳግም ተሻሻለ። አንድ አገር በሁለት ጥያቄዎች መካከል ስትወላወል ማየት እንችላለን፦ እንደራሴው ለመራጩ እንዲታወቅ፣ ድምፁም እኩል እንዲመዝን። ሁለቱን ሙሉ በሙሉ በአንድነት ማግኘት አይቻልም።

ፍጹም እኩልነትም አልተገኘም። በ2020 ቆጠራ የአንድ የኪንታና ሮ ክልል አማካይ 464,496 ሲሆን ሁለት መቀመጫ ያላት የኮሊማ 365,696 ነው። ይሁን እንጂ በ2003 በመንታዎቹ መካከል የነበረው ከእጥፍ በላይ ልዩነት ዛሬ ወደ አንድ ስድስተኛ ወርዷል፤ ባሃ ካሊፎርኒያ ሱር በአማካይ 399,224 ሰው በአንድ ክልል ትይዛለችና። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ንግግሬን የማጠቃልለው ለተማሪዎቼ ዘወትር በምሰጠው ምክር ነው። የየትኛውንም አገር የምርጫ ካርታ ስታዩ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። የመጀመሪያው «መስመሩን ማን አሰመረው?» የሚለው ነው፤ ይህን ማንም አይረሳውም። ሁለተኛው «መስመሩ የተሰመረው በየትኛው ቆጠራ ነው?» የሚለው ነው፤ ይህ ይረሳል። በገበያ ላይ ነጋዴው ቁናውን ሲያጣብብ ብናየው እንጮኻለን። ቁናው በዕድሜው ብዛት ጎብጦ ቢሰፍርብን ግን ዝም ብለን ተቀብለን እንሄዳለን። የጎደለው እህል ግን በሁለቱም ያው ነው።